ዶፓሚንን ከመውቀሳችን በፊት ካርታውን እንይ

ቲክቶክ ላይ ሁሉም የዶፓሚን ሊቅ ሆኗል። ስልክ አልለቅ አለን? ዶፓሚን ነው። ጥናት ሰለቸን? እሱም ዶፓሚን ነው። መፍትሄው ደግሞ «ዶፓሚን መጾም» ነው ይሉናል። እኔም ሞክሬው ነበር፤ ሁለት ቀን እንኳን አልሞላሁም።

ግን ይሄ ዶፓሚን አንጎላችን ውስጥ የት ነው የሚሠራው? ብቻውን ምንም አያደርግም፤ መልእክቱን የሚቀበል ሪሴፕተር ያስፈልገዋል። በ1983 እ.ኤ.አ. የጆንስ ሆፕኪንሱ ሐኪም ሄንሪ ዋግነር ሪሴፕተሮቹ ላይ የሚጣበቅ፣ ጨረር ያለው ንጥረ ነገር ተወግተው ራሳቸው ፔት ስካን ውስጥ ገቡ። በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ የዶፓሚን ሪሴፕተሮች በምስል የታዩት ያኔ ነው።

ጎልቶ የበራው አንጎል ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚገኘው ስትሪያተም ነው። ይህ ክፍል የሚያገለግለው ለደስታ ብቻ አይደለም፤ እንቅስቃሴያችንንም ያግዛል። ዶፓሚን ወደዚያ የሚልኩ ሴሎች ሲሞቱ ፓርኪንሰን ይመጣል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ይከብዳል። እውነተኛው የዶፓሚን ጾም እንግዲህ ይሄን ይመስላል።

ኢኮኖሚክስ ስማር የለመድኩት ጥያቄ አለ፦ ከዚህ የሚያተርፈው ማነው? ኬሚካሉን ስንወቅስ፣ ትኩረታችንን ለማስታወቂያ የሚሸጠው አፕ ከወቀሳ ያመልጣል። ስለዚህ ኖቲፊኬሽኑን አጥፉት። ዶፓሚኑን ግን ተዉት፤ ስልኩን የሚያስቀምጠው እጃችሁም እኮ ያለ እሱ አይታዘዝም።