ስለ ቢራቢሮ ዓሣ ምርጫና አጠባበቅ

ቤትን በጌጥ ማሳመር የተመሰገነ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጌጡ ነፍስ ያለው ፍጥረት በሆነ ጊዜ የቤቱ ጌታና እመቤቲቱ አስቀድመው ሊመክሩበት ይገባል። ምንጣፍ ቢረሳ አቧራ ይለብሳል፤ ዓሣ ቢረሳ ግን ይሞታል። ስለዚህ የባሕር ውሃ በመስተዋት ሣጥን አድርገው የቢራቢሮ ዓሣ ለማኖር ለሚመኙ አንባቢዎቻችን ጥቂት ምክር ልናቀርብ ወደድን። እንደ አርብ ገበያ ከባሕር በራቀ የደጋ ከተማ ለሚኖር ሰው ምክሩ ይበልጥ ያስፈልገዋልና።

ይህ ዓሣ ገላው እንደ ሳሕን ጠፍጣፋ፥ አፉ ሹል፥ መልኩም እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ያጌጠ ነው። ወገኑ 130 ያህል ሲሆን፥ ብዙው የሚኖረው መርጃን ወይም ኮራል በሚበቅልበት ሙቅ ባሕር ነው። ኮራልም ድንጋይ ይመስላል እንጂ ጥቃቅን እንስሳት ተባብረው የሠሩት ማደሪያ ነው። ከዴንማርክ መንግሥት ተልኮ ቀይ ባሕርን የመረመረው ፎርስኮል በ1763 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በየመን ሞተ፤ ጽሑፉ ግን በ1775 ታትሞ ከእነዚህ ዓሦች አንዳንዶቹን ለዓለም አስታወቀ። በ1830ዎቹም በምጽዋ ገብቶ እስከ ጎንደር የዘለቀው ጀርመናዊው ርዩፔል፥ ስለ ቀይ ባሕርም ስለ ጣናም ዓሦች ጽፏል።

እንግዲህ ስለ ምርጫው እንናገር። በገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው አረማመዷን ሳያይ ገንዘቡን አይከፍልም፤ ዓሣም የሚገዛ ሰው ሲበላ ሳያይ አይግዛ። ከቢራቢሮ ዓሦች አንዳንዶቹ ሕያው ኮራልን ብቻ ይመገባሉና፥ ሌላ ምግብ ቢቀርብላቸው በመስተዋቱ ውስጥ እየከሱ ይሞታሉ። ርዩፔል በ1836 የገለጸው ካይቶዶን አውስትሪያኩስ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ውበቱ ቢያስጐመጅም መተው ይሻላል። ከላይኛው ክንፉ እንደ ክር የሚወርድ ጭራ ያለው ካይቶዶን አውሪጋ ግን ትልንም ሥጋንም ስለሚበላ በቤት ይለምዳል። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ብቻ የሚገኘው ቢጫው ካይቶዶን ሴሚላርቫቱስም ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚታይ፥ ከጓደኛው ባይለዩት መልካም ነው። ሆኖም ሁለቱም ኮራል ይነካሉና፥ ኮራልን ከዓሣው ጋራ ለማኖር የሚወድ ሰው በውሃ የሚንሳፈፍ ጥቃቅን ምግብ የሚለቅመውን ሄኒዮኩስ ዲፍሬውቴስን ይምረጥ።

ስለ አጠባበቁ፦ ለአንድ ጥንድ ሣጥኑ ከ400 ሊትር ባያንስ ይመረጣል፤ ዓሦቹ ሲያድጉ ከ20 ሳንቲሜትር ያልፋሉና። በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስለሚገባ፥ 400 ሊትር 14 ኪሎግራም ይፈጃል። ይህም ለዓሣ ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ይሁን እንጂ አሞሌ ወይም የወጥ ቤት ጨው አይሁን፤ ካልሲየምና ማግኒዝየም በሚገባው መጠን አይገኙበትምና። ውሃው በተነነ ጊዜ ጨው አይጨመርም፤ ጨው አይተንምና ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሞላል። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሆኖ እንዲጸና፥ የደጋ ሌሊት ማሞቂያን ግድ ይላል። ደግሞም በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፥ ውሃው የሚይዘው ኦክሲጅን ያነሰ ነው። ስለዚህ አየር የሚነፋ መሣሪያ፥ ኤሌክትሪክ በጠፋም ጊዜ የሚሠራ ባትሪ ያስፈልጋል።

የዓሣ ቈሻሻ አሞንያ የተባለውን መርዝ ያወጣል፤ ይህን የሚለውጡት በድንጋይና በአሸዋ ላይ የሚራቡ በዓይን የማይታዩ ባክቴርያዎች ናቸው። ስለዚህ ጥቂት አሞንያ እየተጨመረ፥ ሣጥኑ ዓሣ ሳይገባበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቈይ። አዲስ የመጣውም ዓሣ በሌላ ሣጥን አንድ ወር ተለይቶ ይጠበቅ፤ ደዌ ይዞ ሊመጣ ይችላልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ውሃውን ማን ይቀዳል የሚል ነው። አራት መቶ ሊትር ማለት 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን 20 ጀሪካን ነው፤ በየሁለት ሳምንቱም 60 ሊትር ቢለወጥ ሌላ ሦስት ጀሪካን ይጨመራል። ውሃ ከሩቅ ምንጭ በሴቶችና በልጃገረዶች ጀርባ በሚመጣበት ቤት፥ በበጋ ወራት ምንጩ ሲያንስ የአባወራው ደስታ የሴት ልጁ ሸክም ይሆናል። ቧንቧው በቤቱ ያልጸና ሰው ይህን ጌጥ ባይጀምር ለክብሩም ለቤተ ሰቡም ይበጃል። ደግሞም የቢራቢሮ ዓሦች አብዛኞቹ ከባሕር የሚጠመዱ እንጂ በቤት የሚራቡ አይደሉምና፥ በከንቱ የሞተው ሁሉ ከባሕሩ የጐደለ ነው።

ልጆቹን የዓሣን ሕይወት ለማስተማር የሚወድ የጋይንት ሰው ግን ሩቅ አይሂድ። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ፈልቀው ወደ ጣና ይገባሉ፤ በሌላ ስፍራ የማይገኙ የጣና ባርበሶችም አንዳንዶቹ በክረምቱና በክረምቱ መውጫ ለመራባት ወደ እነዚህ ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ጊዜ በመረብ እየተጠመዱ ቍጥራቸው እጅግ ቀንሷል። የሩቁን ዓሣ በመስተዋት ከማየት በፊት የቅርቡን በወንዙ መጠበቅን ያስተማረ አባት፥ ለልጆቹ ታላቅ ሀብት አወረሳቸው እንላለን። ገንዘቡና ውሃው ተርፎት፥ ትዕግሥቱም ተጨምሮለት ሣጥኑን የሚያቆም ቢኖር ግን፥ ዓሣው አፉን የማይከፍት እንግዳ ነውና ርሃቡንና ሕመሙን በየቀኑ ከሁኔታው ይወቅለት።