«ስለ ኃጢአታችን ነው» የሚለው መልስ

በሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ የጥያቄና መልስ ሰዓት ሲደርስ ከደብተር የተቀደደ ብጣሽ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ወደ መድረኩ ይሄዳል። አራት ቦታ ታጥፏል፤ ስም የለበትም። ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ በምትገኘው በመራዊም ሆነ በጣና ዳር አጥቢያዎች፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ጉባኤም ቢሆን፣ ወረቀቶቹ የሚጠይቁት ተቀራራቢ ነው። ቃየን ሚስት ከየት አመጣ? የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ምን 81 ሆነ? ግዮን የተባለው ይኸው የእኛ ዓባይ ነው? እግዚአብሔር ደግ ከሆነ ክፉ ነገር ለምን ይደርስብናል?

የቃየን ሚስት ጉዳይ በሌላው ዓለም ሰባኪዎችን ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መምህር ግን ብዙ አይቸገርም። መጽሐፈ ኩፋሌን ምዕራፍ 4 ላይ ይገልጣል፤ ቃየን እኅቱን አዋንን እንዳገባ እዚያው ተጽፏል። ጠያቂው በመልሱ ላይረካ ይችላል፤ ቢያንስ ግን መልሱ ከየት እንደመጣ ያውቃል።

ይህ ደግሞ ወደ ሁለተኛው ወረቀት ይወስዳል። የ66ቱ መጻሕፍት አንባቢ ኩፋሌንም ሄኖክንም በእጁ ባለው መጽሐፍ ውስጥ አያገኛቸውም። ሄኖክን በተመለከተ ታሪኩ ለጎጃም ሰው ቅርብ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ሰከላ ድረስ ወርዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየ ሰው ነው። ምንጩን ፍለጋ መጥቶ ወደ አውሮፓ ሲመለስ የሄኖክን የግእዝ ቅጂዎች ይዞ ሄደ። የአውሮፓ ሊቃውንት ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ ቁጥር 14 የሄኖክን ትንቢት እንደሚጠቅስ ያውቃሉ፤ ሙሉ መጽሐፉ ግን ለዘመናት ከእጃቸው ጠፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ከግእዙ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የሄኖክ የአራማይክ ቁርጥራጮች ተገኙ። ዛሬም ቢሆን ሙሉውን ሄኖክ የሚያነብ ሰው የሚያነበው ከግእዙ የወጣውን ነው። «ስለ ምን 81 ሆነ?» ለሚል ልጅ «አባቶች ስላሉ» ብሎ ማለፍ ይህን ሁሉ ታሪክ መንፈግ ነው። እውነቱን ሁሉ ይነገር ከተባለም የ81 አቆጣጠር ራሱ በሊቃውንት ዘንድ አንድ ዓይነት አለመሆኑን መጨመር ያስፈልጋል። ይህን ሰምቶ እምነቱን የሚጥል ወጣት ብዙ አይገኝም።

ግዮን ከበድ ይላል። ኦሪት ዘፍጥረት 2 ቁጥር 13 ግዮን የኢትዮጵያን ምድር ይከባል ይላል፤ የሰከላን ጠበል የሚሳለም ምእመን ደግሞ ግዮን ከእግሩ ሥር እንደሚፈልቅ አይጠራጠርም። ጂኦግራፊ የተማረ ተማሪ ግን ካርታውን ይዞ ይመጣል። ጤግሮስና ኤፍራጥስ መነሻቸው ቱርክ፣ ማለፊያቸው ኢራቅ ነው፤ ዓባይ ከእነሱ ጋር ከአንድ ገነት እንዴት ወጣ? ከጥንት ጀምሮ ወንዞቹ ከገነት ወጥተው በምድር ውስጥ ሄደው በየቦታቸው ይፈልቃሉ ያሉ አሉ። የጥፋት ውኃ የምድርን መልክ ለውጦታል የሚሉም አሉ። እዚያ ላይ ኢትዮጵያ ወይም ኩሽ የተባለው ሌላ፣ በመስጴጦምያ አካባቢ ያለ አገር ነው የሚሉ የዘመናችን ተመራማሪዎችም አይጠፉም። ጎበዝ መምህር ሦስቱንም ያስቀምጣል፤ የትኛው ትውፊት፣ የትኛው ግምት እንደሆነ ለይቶ ይናገራል፤ ከዚያ የራሱን ይመርጣል።

ይህ አካሄድ ከውጭ የመጣ አይደለም። በመጻሕፍት ጉባኤ የኔታ ንባቡን አስነብበው ትርጓሜውን ሲያወርዱ «ለምን ቢሉ» ብለው ጥያቄውን ራሳቸው ያነሡና ይመልሱታል፤ «አንድም» ብለው ደግሞ ሌላ መልስ ይጨምራሉ። የፊተኛው አይሰረዝም። ብሉዩም፣ ሐዲሱም፣ ሊቃውንቱም፣ መነኮሳቱም የሚተረጎሙት በዚሁ መንገድ ነው፤ ያውም በአማርኛ። ጠያቂን «ተጠራጣሪ» ብሎ ማሸማቀቅ እንግዲህ ከየትኛው ጉባኤ ቤት እንደተወረሰ ማሰብ ይከብዳል።

አራተኛው ወረቀት ግን ከመደርደሪያ በሚወርድ መጽሐፍ ብቻ አይመለስም፤ በተለይ መራዊ ላይ።

ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ፣ በከተማዋ የሆነውን የማያውቅ የለም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በየካቲት ወር ባወጣው መግለጫ፣ በከተማዋ ቢያንስ 45 ሲቪል ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ማረጋገጡን፣ ቁጥሩም ከዚህ ሊበልጥ እንደሚችል ገልጿል። እንዲህ ባለ ከተማ «ያን ቀን እግዚአብሔር የት ነበር?» የሚል ወረቀት ቢመጣ የሚገርም አይሆንም። የሚገርመው በየመድረኩ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው መልስ ነው፤ «ስለ ኃጢአታችን ነው።»

ሐዘንተኛ ራሱ ደረቱን እየደቃ ይህን ቢል ጸሎት ነው፤ ማንም አይከለክለውም። ሌላው ሰው ልጁን ለቀበረ አባት ሲለው ግን ፍርድ ይሆናል። ክርስቶስም ለዚህ ጥያቄ በቀጥታ መልስ ሰጥቷል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 መጀመሪያ ላይ ሰዎች መጥተው ገዢው ጲላጦስ መሥዋዕት ሲያቀርቡ የነበሩ የገሊላ ሰዎችን እንዳስገደለ ይነግሩታል። የሞቱት ከሌላው የገሊላ ሰው ይልቅ ኃጢአተኞች ስለሆኑ አይደለም ሲል ይመልስላቸዋል። እነሱ ያላነሡትንም ጨምሮ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ያለቁትን 18 ሰዎች ይጠቅስና ያንኑ ይደግማል። ወዲያው ንስሐ ግቡ ይላል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ንስሐ የተባለው በሕይወት ቆሞ ለሚሰማው እንጂ ለሟቾቹ ክስ አልተለጠፈም። ብዙ ሰባኪ ሁለተኛውን ግማሽ በቃሉ ያውቀዋል፤ የመጀመሪያውን ዘሎት ያልፋል።

የኢዮብ ወዳጆች ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋርም ከዚህ መድረክ የራቁ አይደሉም። ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። እስከዚያ ድረስ እንከን የለባቸውም፤ በእኛም አገር ደህና ለቅሶ ደራሽ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው ኢዮብ ይህ ሁሉ የደረሰበት ቢበድል መሆኑን ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ፣ በምዕራፍ 42፣ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ እንጂ ሲጮኽና ሲሟገተው በቆየው በኢዮብ ላይ አይደለም። እንዲያውም እነሱን ይቅር እንዲላቸው የጸለየላቸው ኢዮብ ራሱ ነው።

ታዲያ ሰባኪው ምን ይበል? መልሱን በማያውቀው ቦታ አላውቅም ማለት ይችላል። የሟቾቹን ስም በጸሎት ማንሣት ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ ተዝካርም ፍትሐትም አላት። የሞቱት በደለኞች ስለሆኑ አይደለም ብሎ በክርስቶስ ቃል መናገርም ይችላል፤ ይህ ብቻውን ለብዙ ቤት እፎይታ ነው። ወረቀቱ የደረሳችሁ መምህራን ሆይ፣ ሉቃስ 13ን ስታስነብቡ ከቁጥር 3 አትጀምሩ፤ ከቁጥር 1 ጀምሩ።