ድምፃችን የት ገባ?
የምርጫ ሥርዓቱን ስለ መለወጥ የፓርቲያችን አቋም



ሌሊት ተነስታችሁ፣ ፀሐይና ዝናብ ሳይበግራችሁ ተሰልፋችሁ የሰጣችሁት ድምፅ ከኮሮጆው ከወጣ በኋላ የት ይገባል? ስለ ኮሮጆ ግልበጣ፣ ስለ ታዛቢዎች መባረር፣ ስለ ዕጩዎች እስርና ወከባ በዚህ ማኒፌስቶ ሌላ ክፍል ተናግረናል። እዚህ የምናነሳው ሌላ ጉዳይ ነው። ኮሮጆው ባይገለበጥ፣ ታዛቢው ባይባረር፣ ቆጠራውም ፍጹም ንጹሕ ቢሆን እንኳ የሚሊዮኖችን ድምፅ በሕግ ስም ሜዳ ላይ የሚያስቀር አሠራር አለ። የምንታገለው ይህንንም ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 2 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎች መካከል አብላጫ ድምፅ ባገኘ ሰው እንዲመረጡ ይደነግጋል። «አብላጫ» ማለት ግን ከግማሽ በላይ ማለት አይደለም። ከሌሎቹ በአንድ ድምፅ መብለጥ ይበቃል።

በምሳሌ እንየው። በአንድ የምርጫ ክልል 30,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አንደኛው ዕጩ 12,000፣ ሁለተኛው 10,000፣ ሦስተኛው 8,000 ድምፅ አገኙ። ወንበሩን 12,000 ያገኘው ይወስዳል። ሌላ ሰው የመረጡት 18,000 ዜጎች ድምፅ ምንም አልሠራም። ይኸው ውጤት በ547ቱም የምርጫ ክልሎች ቢደገም፣ ከመራጩ 40 ከመቶ ብቻ ያገኘ ፓርቲ የምክር ቤቱን ወንበር በሙሉ ጠቅልሎ ይወስዳል። 60 ከመቶው ሕዝብ አንድ እንኳ ተወካይ አይኖረውም። ይህ ማጭበርበር ሳይኖር፣ ሕጉ በትክክል ተፈጻሚ ሆኖ የሚደርስ ነው።

የአገራችን ታሪክም ወደዚሁ ያዘነብላል። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545 ያዙ። በ2007 ዓ.ም. 547ቱንም ያዙ። በ2013 ዓ.ም. ብልጽግና ፓርቲ በመጀመሪያ ከተገለጹት 436 ውጤቶች 410 ወሰደ። ለዚህ ውጤት አፈናውም፣ የመንግሥትና የፓርቲ መቀላቀልም ድርሻ እንዳላቸው እናውቃለን። ሥርዓቱ ግን ለአፈናው የሕግ ልብስ አልብሶታል።

እውነቱን ስንናገር ለራሳችን ሳናዳላ ነው። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት በአዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበሮች፣ ከከተማው ምክር ቤት ደግሞ ከ138 ወንበር 137ቱን አሸነፈ። በዚያን ቀን የተቃዋሚው ጎራ ደስ አለው። ነገር ግን ገዢውን ፓርቲ የመረጠው የአዲስ አበባ ነዋሪም ዜጋ ነበር፤ እርሱም በፓርላማ ከከተማው የተላከ አንድ ተወካይ አላገኘም። ለእኛ ሲሆን ዴሞክራሲ፣ ለሌላው ሲሆን አምባገነንነት ብለን የምንጠራው ሚዛን ሊኖረን አይገባም።

«እንከን የሌለው ሥርዓት የለም» ለሚሉን

የአሁኑ ሥርዓት ጠበቆች አንድ መከራከሪያ ያዘወትራሉ። የትኛውም የምርጫ ሥርዓት እንከን አለው፤ ስለዚህ ያለውን መያዝ ይሻላል ይላሉ። የመከራከሪያው ግማሽ እውነት ነው። ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ እ.ኤ.አ. በ1785 እንዳሳየው፣ ሦስት አማራጮች ሲኖሩ ብዙኃኑ አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ ሦስተኛውን ደግሞ መልሶ ከአንደኛው ሊያስበልጥ ይችላል። ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1951 መራጮች አማራጮችን በቅደም ተከተል በሚያስቀምጡበት ጊዜ፣ ሁላችንም ፍትሐዊ ናቸው የምንላቸውን ጥቂት መስፈርቶች ሁሉ በአንድነት የሚያሟላ ደንብ እንደማይገኝ በሒሳብ አረጋገጠ። ጊባርድ በ1973፣ ሳተርትዌይት በ1975 ደግሞ ሦስትና ከዚያ በላይ አማራጭ ባለበት፣ የአንድ ሰው ፈቃድ ብቻ ካልነገሠ በቀር፣ መራጩ እውነተኛ ፍላጎቱን ደብቆ በስልት ድምፅ ቢሰጥ የሚጠቀምበት ሁኔታ ሁልጊዜ እንደሚኖር አሳዩ።

ታዲያ ከዚህ ምን ይከተላል? እንከን የሌለው ሕግ የለም ተብሎ ያለ ሕግ አንኖርም፤ እንከኑ ያነሰውን እንመርጣለን። ምሁራኑም ሥራቸውን በዚያ አላቆሙም። ዛሬ በሒሳብ፣ በኢኮኖሚክስና በኮምፒዩተር ሳይንስ ድንበር ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የትኛው ደንብ ለማጭበርበር ይከብዳል፣ አሸናፊውንስ በተግባር አስልቶ ማግኘት ይቻላል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ከሁሉ በላይ ለእኛ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን ይህ ነው፤ አንድ አቋም ያለው የኅብረተሰብ ክፍል ስንት ሲሆን ያለ ተወካይ መቅረት የለበትም?

ሐሪስ አዚዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ያቀረቡት መለኪያ ለማንም የሚገባ ነው። 23 ወንበር ካለ፣ ከመራጩ ሃያ ሦስተኛ እጅ የሚሆኑና በአንድ ዕጩ የሚስማሙ ሰዎች ሁሉም ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ አይገባም። ሃያ ሦስተኛ እጅ ማለት ከመቶ አምስት እንኳ የማይሞላ ነው። የእኛ ሥርዓት ግን ከመቶ አርባውንም ባዶ እጁን መመለስ ይችላል። «ሁሉም ሥርዓት እንከን አለው» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል። እንከን ከእንከን ይለያል።

የሌሶቶ ትምህርት

ሩቅ አንሂድ፤ በአፍሪካችን የሆነውን እንይ። ትንሿ ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ1998 እንደ እኛው ባለ ሥርዓት ምርጫ አካሄደች። አንድ ፓርቲ 60 ከመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ80 ወንበር 79ኙን ወሰደ። ሩብ ያህል ድምፅ ያገኘው ዋናው ተቃዋሚ አንድ ወንበር ደረሰው። ከዚያ ሁከት ተነሳ፤ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ጦር ገባ፤ ዋና ከተማዋ ማሴሩ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች።

ሌሶቶዎች ከአመዱ ተምረዋል። 80ውን የምርጫ ክልል እንዳለ ትተው፣ 40 የማካካሻ ወንበር ጨመሩ። በ2002 እ.ኤ.አ. ምርጫ ገዢው ፓርቲ የምርጫ ክልሎቹን በሙሉ ለማለት በሚያስችል ደረጃ ቢያሸንፍም፣ ዋናው ተቃዋሚ ባገኘው ድምፅ ልክ 21 ወንበር ተሰጠው። ተቃውሞው ከጎዳና ወደ ምክር ቤት ገባ።

ስልተኞች እዚያም አልጠፉም። በ2007 እ.ኤ.አ. ትልልቆቹ ፓርቲዎች ከትንንሾቹ ጋር ተመሳጥረው፣ በሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀት እየተጠቀሙ ማካካሻውን ደርበው ወሰዱ። አገሪቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ሕጉን አሻሽላ ወረቀቱን አንድ አደረገች። ሕግ የሚጠናው እንዲህ ነው፤ ቀዳዳው ሲታይ ይደፈናል።

በአገራችንም በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲ ከተቃዋሚዎች ጋር ባደረገው ድርድር ወደ ቅይጥ ሥርዓት ለመሻገር ስምምነት ተደርሶ ነበር። የ2013ቱ ምርጫ ግን በዚያው በአሮጌው ሥርዓት ተካሄደ። ቃል ተገብቶ፣ ቃል ተበላ።

ፓርቲያችን ቢመረጥ ምን ያደርጋል?

1. የምርጫ ክልሎች እንዳሉ ሆነው፣ ፓርቲዎች በአገር አቀፍ ባገኙት ድምፅ ልክ የሚካካሱበት ቅይጥ ተመጣጣኝ ውክልና እንዲመሠረት፣ የአንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 2 እና የምክር ቤቱን አባላት ብዛት በ550 የሚገድበው ንዑስ አንቀጽ 3 በአንቀጽ 105 መሠረት እንዲሻሻሉ ሐሳብ ያቀርባል። ለአናሳ ብሔረሰቦች የተጠበቁት ቢያንስ 20 ወንበሮች አይነኩም። ገበሬው የሚያውቀውን የአካባቢውን ተወካይ አያጣም።

2. ሕገ መንግሥቱ እስኪሻሻል እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። አንቀጽ 54 የሚገዛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚተዳደሩት ምክር ቤቱ በአዋጅ ባወጣላቸው ቻርተር ስለሆነ፣ የከተሞቹ ምክር ቤቶች በተመጣጣኝ ውክልና እንዲመረጡ ረቂቅ አዋጅ በመጀመሪያው የሥራ ዓመት እናቀርባለን።

3. መራጩ አንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ብቻ ይኖረዋል። ተለጣፊ ፓርቲ ፈጥሮ ማካካሻ መሰብሰብ በሕግ ይከለከላል።

4. የእያንዳንዱ ምርጫ ጣቢያ ውጤት፣ የድልድል ቀመሩም ጭምር፣ ማንም ተማሪ ራሱ አስልቶ ሊያረጋግጠው በሚችል መልኩ ይታተማል።

5. በአሁኑ ሥርዓት ብናሸንፍና ሥርዓቱ ለእኛ የሚያደላ ሆኖ ብናገኘው እንኳ ከተራ ቁጥር 1 እስከ 4 ያለውን እንፈጽማለን። ይህ ቃል በእኛ ላይ ማስረጃ ይሁን፤ ካፈረስነው ይህን በራሪ ጽሑፍ ይዛችሁ ውቀሱን።

ተመጣጣኝ ውክልና ደካማ ጥምር መንግሥት ያመጣል የሚሉ አሉ። 547 ከ547 የያዘው ጠንካራ መንግሥት ምርጫው ካለፈ ስድስት ወር ሳይሞላው በአደባባይ ተቃውሞ ተናጠ፤ በዓመቱ ገደማ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ምክር ቤት ውስጥ ወንበር ያጣ ድምፅ አይጠፋም፤ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። እኛ የምንፈልገው መውጫው ምክር ቤቱ እንዲሆን ነው።

እያንዳንዱ ድምፅ ዋጋ ይኑረው!
ሥልጣን የሕዝብ ነው!

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ