ችግኝ ከመትከል በፊት ደብተር ይከፈት

ትምህርታችንን ፈጽመን ከዚህ ግቢ ስንወጣ ብዙዎቻችን የምንገባው ባንክ፣ ኢንሹራንስ ወይም የንግድ ኩባንያ ነው። እነዚህም ድርጅቶች ዛሬ በአንድ ሕንፃ የተወሰኑ አይደሉም፤ ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ሆኖ ቅርንጫፉ እስከ ሞያሌና እስከ መተማ ይዘረጋል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ገና ተማሪዎች ሳለን ልናነሣ ይገባናል። ይኸውም ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ኩባንያ ወደ አየር የሚለቀውን የካርቦን ጋዝ በምን ይለካል? በምንስ ይቀንሳል? የሚለው ነው።

እንደምናየው የብዙዎቹ መልስ በዓመት አንድ ቀን ችግኝ መትከል ነው። ሠራተኛው ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ይለብሳል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዛፍ መትከልን አንነቅፍም። ዳሩ ግን የዕዳውን ልክ ሳያውቅ «ከፍዬ ጨርሻለሁ» የሚል ነጋዴ ማን ያምነዋል?

የአቆጣጠሩ ሥርዓት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል የኩባንያውን ሒሳብ በሦስት ይከፍለዋል። አንደኛው ኩባንያው ራሱ የሚለቀው ነው፤ የጄኔሬተሩና የመኪናው ነዳጅ፣ ከአየር ማቀዝቀዣው የሚያፈተልከው ጋዝ እዚህ ይገባል። ሁለተኛው ገዝቶ የሚያበራው ኤሌክትሪክ ነው። ሦስተኛው ሌሎች ለእርሱ ሲሉ የሚለቁት ነው፤ የአውሮፕላን ጉዞ፣ የሠራተኛው መመላለሻ፣ የወረቀቱ መመረት፣ ባንክም ከሆነ በብድሩ የሚሠራው ፋብሪካ ጭስ ሁሉ በዚህ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ የውጭ አገር ቅጽ እንዳለ መገልበጥ ያሳስታል። በደቡብ አፍሪካ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰል ስለሚመነጭ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስለቅቃል። በእኛ አገር ግን ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆነው ኤሌክትሪክ ከውኃ ኃይል የሚገኝ ነው። ስለዚህ የእኛ ኩባንያ ጭስ ያለው አምፖሉ ላይ ሳይሆን መብራት ሲጠፋ በጓሮ በሚነሣው ጄኔሬተር ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። አንድ ቅርንጫፍ በወር 200 ሊትር ያቃጥላል እንበል፤ 540 ኪሎ ይሆናል። እንዲህ ያሉ 100 ቅርንጫፎች ቢኖሩ በወር 54 ቶን፣ በዓመት 648 ቶን ነው። ይህን ዋናው መሥሪያ ቤት ተቀምጦ በግምት ሊያውቀው አይችልም። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የነዳጅ ደረሰኙን በአንድ ዓይነት ቅጽ፣ በየወሩ ሊያስተላልፍ ይገባል። የሚጻፈውም ብሩ ሳይሆን ሊትሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ እየተነሣ ዋጋው ስለ ጨመረ፣ በብር የሚቆጥር ሰው ፍጆታው ባይጨምርም የጨመረ ይመስለዋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የኢትዮጵያ ድርሻ ከዓለሙ ጭስ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ በሀብታሞቹ ጥፋት እኛ ለምን እንጠየቃለን?» ይላሉ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ፍርዱም የሚጠላ አይደለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሲከሽፉ ከብቱ ያለቀበት የቦረና አርብቶ አደር ድርሻህ ስንት ነው ተብሎ አልተጠየቀም። ደግሞም ናፍጣው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ያልተቃጠለ ሊትር ለአየሩም ለአገሪቱ ካዝናም ትርፍ ነው።

መቀነሻውም ከሒሳቡ ይገኛል። ብዙ ናፍጣ የሚፈጀው ቅርንጫፍ ከታወቀ ፀሐይ በማይታጣበት አገር የፀሐይ ኃይልና ባትሪ መጀመሪያ የሚተከለው በእርሱ ነው። በስልክ ወይም በቪዲዮ ለሚያልቅ ስብሰባ አውሮፕላን አያስፈልግም። ሃያ ሠራተኛ በሃያ መኪና ከሚመጣ በአንድ አውቶቡስ ቢመጣ ይሻላል። ሁሉም በአንዴ ይሁን አንልም፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንደሚባለው ቅርንጫፎቹ ይካፈሉት።

መለካት ብቻውን ግን አያድንም። ማይክሮሶፍት የተባለው ታላቅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 «በ2030 ከምለቀው ይልቅ የማስወግደው ይበልጣል» ብሎ ቃል ገባ። በ2024 ባወጣው ዘገባ ግን ልቀቱ ከ2020 ወዲህ በ29 ከመቶ ገደማ መጨመሩን ራሱ ገለጠ፤ ዋናው ምክንያት የመረጃ ማዕከሎቹ ግንባታ ነበር። እኛም የምንማረው ይህንን ነው፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ቢቆጥብም የቅርንጫፉ ቁጥር በእጥፍ ካደገ ጠቅላላው ድምር ይጨምራል። መታየት ያለበት ድምሩ ነው። መጥፎ ቁጥር ደግሞ ሲደበቅ እንጂ ሲነገር አያሳፍርም።

እንግዲህ ኩባንያዎችን ስንወቅስ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እንዳንባል ከራሳችን እንጀምር። ዩኒቨርሲቲም እኮ ብዙ ግቢ፣ ብዙ ጄኔሬተር፣ ብዙ መኪና፣ ሰፊ ወጥ ቤት ያለው መሥሪያ ቤት ነው። ኅብረታችን ከሒሳብ አያያዝ፣ ከምሕንድስናና ከጂኦግራፊ ተማሪዎች አንድ ትንሽ ኮሚቴ ያቋቁም። ኮሚቴው የአንድ ዓመት የነዳጅና የማገዶ መዝገብ እንዲታይለት አስተዳደሩን በትሕትና ይጠይቅ፤ ድምሩንም በዚሁ መጽሔት ያውጣው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የምንይዘውን ደብተር ዛሬ እዚህ መያዝ እንልመድ።