የዲማው ተማሪና የዜግነቱ ፈተና

«ለስደተኛ ልጅ የዜግነት ትምህርት ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ፤ ምሁር ነን ባዮችም አይጠፉባቸውም። እኔ ግን ጥያቄውን እገለብጠዋለሁ። ያስተማረችው አገርስ ልጁን ምን ልታደርገው ነው?

ነገሩን ከዲማ እንየው። ይህች የጋምቤላ ወረዳ ስደተኛ ማስጠለል የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በደርግ ዘመን የደቡብ ሱዳን ልጆች እዚያ ፊደል ቆጥረዋል፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ከኢታንግና ከፒኝዶ ስደተኞች ጋር ወደ ሱዳን ሸሹ። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2003 ነፃ አገር ብትሆንም በታኅሣሥ 2006 እርስ በርሷ ተዋጋች። ዛሬም በዚያው ወረዳ የኦኩጎ መጠለያ ጣቢያ አለ።

በስደተኛ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ነው። ትናንት «ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር»፣ ዛሬ «የዜግነት ትምህርት» የሚባለውም አብሮ ይመጣል። ልጁ ስለ ሕገ መንግሥት ይሸመድዳል፣ «አገራችን» ብሎ ይጽፋል፣ ተፈትኖ ያልፋል። ካለፈስ በኋላ? አዋጅ ቁጥር 378/1996 ዜግነትን በእናት ወይም በአባት እንጂ በተወለዱበት መሬት አይሰጥም። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ የስደተኛ ልጅ ልደት ይመዘገባል፤ ወረቀቱ መወለዱን ይመሰክራል እንጂ አገር አይሰጠውም። «ደቡብ ሱዳናዊ ነዋ!» ይሉኛል። በሕግ አነጋገር አገር አልባ አለመባሉ እውነት ነው፤ ጁባ ያልመዘገበችው፣ እሱም ጁባን ያላየ ልጅ ግን ዜግነቱን በምን ያስረዳል?

ደግሞም ይኸው አዋጅ በሩን ጨርሶ አልዘጋም። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ቢያንስ 4 ዓመት ኖሮ፣ ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት ከቻለና በቂ ሕጋዊ ገቢ ካለው፣ ሌሎቹንም መሥፈርቶች ካሟላ ማመልከት ይችላል። ልብ በሉ፣ «በአንዱ» ነው የሚለው! ኑዌርኛ ወይም አኙዋክኛ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ልጅ ይህን ፈተና ገና ሳይቀመጥ አልፏል። የሚያንቀው ገቢው ነው፤ ራሽን ገቢ አይባልማ። የ2011ዱ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 የመሥራት መብት ሰጥቷል፤ ሥራው ግን በዲማ ከየት ይምጣ?

የጋምቤላን ሥጋት አላቃልልም። የኑዌርና የአኙዋክ ፉክክር በሕዝብ ቁጥር ላይ ቆሞ ደም አፋስሷል። ታዲያ ሥጋቱን የሚያባብሰው ማን ዜጋ፣ ማን እንግዳ እንደሆነ በግልጽ አለመታወቁ ነው ወይስ ልጁ ሕገ መንግሥት ማንበቡ? ትምህርቱ ይቅር የሚሉት መልሱልኝ።

እኔስ የምለው ይጨመርለት ነው። የ378ቱ አዋጅ አንቀጽ 5 ለምን በመማሪያ መጽሐፉ አይታተምም? ማመልከቻውስ የትኛው ቢሮ እንደሚቀርብ?