ጠላችን ከጀሪካን ይውጣ

ማኅበራችን ለዓመቱ መጨረሻ ግብዣ ገንዘብ ለመመደብ በቅርቡ ይሰበሰባል። እንደ ተለመደው አንዱ ወገን «የጠርሙስ ቢራ ይገዛ» ይላል፤ ሌላው «ጠላ ይጠመቅልን» ይላል። እኛ ከሁለተኛው ወገን ነን። ሆኖም የመጀመሪያው ወገን የሚያሰማውን ቅሬታ ንቀን ልናልፈው አይገባንም። ባለፈው ግብዣ የቀረበው ጠላ መኮምጠጡን፥ ከፊሉም የምግብ ዘይት ሽታ እንደ ነበረው የቀመሰ ሁሉ ያውቃል።

ጥፋቱ የጠማቂዎቹ እናቶች አልነበረም። ኮሚቴው እቤታቸው ሄዶ ከጋኑ ተቀድቶለት ሲቀምስ አመስግኖ ነው የተመለሰው። ጠላው የተበላሸው ከጋኑ ወጥቶ በጀሪካን ሁለት ቀን በመቆየቱ ነው።

ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን ለጠላ ከእርሱ የሚሻል ዕቃ የለም። ነገር ግን ጋን ከተተከለበት አይነቃነቅም፤ በጭነት መኪና ላይ እንጫነው ብንል ስባሪውን ይዘን እንገባለን። ስለዚህ ሁላችንም ቢጫውን ጀሪካን ለመድን። ዘይት የያዘ ፕላስቲክ ደግሞ ሽታውን በቀላሉ አይለቅም፤ አፉ ጠባብ በመሆኑ እጅ ገብቶ አያጥበውም፤ ውስጡ በተጫረ ቁጥር በጭረቱ ውስጥ ተሐዋስያን ይሸሸጋሉ። ከሁሉም የከፋው ግን የአየሩ ነገር ነው። ጠላ ከተጠለለ በኋላም መፍላቱን አይተውም። ጀሪካኑ በጋዝ ሲያብጥ ተሸካሚው ፈርቶ ክዳኑን ያላላል፤ አየር ይገባል፤ አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎችም የሚሹት ይህንኑ አየር ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ትንሽ፥ እየታጠበ ደጋግሞ የሚያገለግል፥ ከማይዝግ ብረት የተሠራ በርሜል ነው። አሜሪካኖች እቤታቸው ለሚጠምቁት ቢራ የሚጠቀሙበት ዕቃ 19 ሊትር ያህል የሚይዝ ሲሆን፥ መጀመሪያ የተሠራው ለለስላሳ መጠጥ ነበር። የለስላሳ ኩባንያዎች ሽሮፑን በካርቶን ውስጥ ባለ ከረጢት ማመላለስ ሲጀምሩ አሮጌዎቹ በርሜሎች በርካሽ ወደ ቤት ጠማቂዎች ተላለፉ። (በዚያ አገር ቢራን እቤት ለመጥመቅ የፌዴራሉ ሕግ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. ነው። የኛ እናቶች ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ መገመት አያዳግትም።)

የበርሜሉ ክዳን ሲነሣ እጅ እስከ ክንድ ይገባል። ክዳኑ በጎማ ቀለበት ይታተማል፤ በላዩ ግፊት ማስተንፈሻ አለው። በአንዱ አፍ ጋዝ ይገባል፤ በሌላው፥ እስከ ታች በሚወርድ ቀጭን ቧንቧ፥ መጠጡ ይወጣል። ብዙዎቹ እስከ 130 ፒ.ኤስ.አይ. ግፊት እንዲችሉ የተሠሩ ናቸው፤ ለመቅዳት ግን ከ10 እስከ 12 ይበቃል። ለጠላ አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል፤ አተላው ቧንቧውን እንዳይደፍነው ከጫፉ አንድ ጣት ያህል መቁረጥ ነው። ከዚህ በቀር ግፊቱ ሳይተነፍስ ክዳኑን ማንም እንዳይነካ፤ በበረኪናም እንዳይታጠብ፤ ክሎሪኑ የማይዝገውን ብረት ሳይቀር ይበላዋልና። ሙቅ ውሃና ሶዲየም ፐርካርቦኔት ይበቃል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ጠላ በብረት ከተቀዳ ጠላ አይባልም» ብለውናል። ጥንስሱም ድፍድፉም ከጋን ይውጣ ያለ ማንም የለም። እኛ የምንናገረው ከጋኑ እስከ ጣሳው ስላለው መንገድ ብቻ ነው፤ የወይራው መዓዛ እንደ ሆነ በጠላው ውስጥ ገብቷል፥ አብሮት ይጓዛል። የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ደግሞ «እኛው በይደን እንሠራዋለን» ማለታቸውን በደስታ ሰምተናል፤ ዳሩ ግን ግፊት የሚይዝ ዕቃ ድስት አይደለምና የተፈተነውን መግዛት ይሻላል። ወንበሩን ይሥሩልን።

በርሜሉ ከጀሪካን እጅግ ይወደዳል፤ ይህን አንሸሽግም። የጎማ ቀለበቱ እየተለወጠ ለብዙ ዓመት ማገልገሉ ግን መታሰብ አለበት። አራት በርሜል ሩብ ሊትር በሚይዝ ጣሳ 304 ጣሳ ይወጣዋል። ከግብዣ ውጭ ባለው ጊዜም ማኅበሩ ዕቃዎቹን በመያዣ ለጠማቂዎቹ ቢያውስ ለሠርግና ለማኅበር የሚታዘዙትን ጠላ ሳይኮመጥጥ ያደርሱበታል። ባለፈው ጊዜ ስማቸው የጎደፈው እነርሱ ስለ ሆኑ ይህን ያህል ዕዳ ያለብን ይመስለናል።

ስለዚህ አራት በርሜል፥ አንድ የጋዝ ሲሊንደር ከነግፊት መቈጣጠሪያው፥ መለዋወጫ የጎማ ቀለበቶችም እንዲገዙ ለጉባኤው አሳብ አቅርበናል። የኬሚስትሪ መምህራኖቻችንም የእጥበቱን ሥራ ለኮሚቴውና ለጠማቂዎቹ አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲያሳዩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።