ስትሪንግ ሲባጎ አይደለም

ይርጋጨፌ በሚያበቅለው ቡና ስሙ ከገነነው ከጌዴኦ ምድር የተገኘ ወጣት፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ሊማር ሲቀመጥ ከሚያጋጥሙት ልሳናት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ ሲሆን ስሙን ከቡና የወሰደውና አርማውም እንፋሎት የሚያወጣ ሲኒ የሆነው ጃቫ መሆኑ፣ ለሀገሩ ልጅ ፈገግታ የሚያጭር ነገር ነው። ፈገግታው ግን አይቆይም፤ የሙያው ቃላት እንግሊዝኛ ናቸውና።

በዲላ አንድ ተማሪ መዝገበ ቃላት ገልጦ «ስትሪንግ» የሚለውን ሲፈልግ «ሲባጎ፣ ክር» የሚል ፍቺ አግኝቶ፣ ሲባጎ ከኮምፒዩተር ጋር ምን እንዳገናኘው ሲያሰላስል አይቻለሁ፤ ቃሉ በዚህ ሙያ እንደ ጨሌ በተርታ የተሰካኩ ፊደላት ማለት ነው፤ «አርጊዩመንት»ም ሙግት ሳይሆን ለአንድ ተግባር የሚሰጥ ግብዓት፣ «ፍሎት»ም መንሳፈፍ ሳይሆን ነጥብ ያለበት ቁጥር ነው። ስለዚህ «እንግሊዝኛ አሳምረህ ሳታውቅ ወደዚህ አትቅረብ» ከሚሉት ጋር አልስማማም። ፓይተን የተባለው ሌላው የፕሮግራም ልሳን ለራሱ ለይቶ የያዛቸው ቃላት 35 ብቻ ናቸው፤ የቅኔ ተማሪ፣ ማነጻጸሩ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ ከዚህ እጅግ የሚበዛ ግስ በቃሉ ይይዛል፤ መምህሩም ፍቺውን በአማርኛ እየነገረው ያስጠናዋል እንጂ ግእዝን በግእዝ ብቻ አያስተምረውም።

በዲላ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በየትምህርት ቤቱ ያሉ መምህራን እንዲሁ ቃሉን በእንግሊዝኛው ትተው ምሥጢሩን በአማርኛና በጌዴኡፋ ቢያብራሩት መልካም ይመስለኛል፤ ለተለዋዋጭ («ቫሪያብል») የሚወጣውን ስም ደግሞ ፓይተን በፊደላችን ተጽፎም ይቀበላልና፣ ተማሪው «ቡና = 5» ብሎ ቢጀምር ማሽኑ አያጉረመርምም።